ሳነብ ይወስደኛል፤ ታዲያ በምን ልማር?

ጥያቄ፦ «23 ዓመቴ ነው። አጫጭር ልቦለዶች እጽፋለሁ። ጽሑፌን ያሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ ምክራቸው አንድ ነው፤ ‹አንብቢ› ይሉኛል። አነባለሁ እኮ! ከልጅነቴ ጀምሮ መጽሐፍ ከእጄ አይጠፋም። ግን ያነበብኩት ነገር ጽሑፌ ውስጥ ሲገባ አላይም። መጽሐፉ ጥሩ ሲሆን ታሪኩ ይወስደኝና እንዴት እንደተጻፈ ማየቱን እረሳለሁ። በግድ ልብ ብዬ ላንብብ ስል ደግሞ ገጹን በመስመር እሞላዋለሁ፤ ደስታውም ይጠፋብኛል። ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረኝ ንግግር መጻፍ ነው። ገጸ ባሕርያቴ ሁሉ በአንድ አፍ የሚያወሩ ይመስላሉ። ሌላው ፍርሃቴ፣ አንድን ደራሲ አጥብቄ ካነበብኩ የእሱ ቅጂ ሆኜ እንዳልቀር ነው። እንደ ጸሐፊ ማንበብ የሚሉት ነገር በተግባር ምንድን ነው? ከየት ልጀምር? እርስዎ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

ታሪኩ ይወስደኛል ብለሽ አትዘኚ። ጸሐፊው ያን ሁሉ የደከመው አንቺን ለመውሰድ ነው። ከወሰደሽ ተሳክቶለታል። ካልወሰደሽ ግን ከእሱ የምትማሪው ብዙም የለም፤ ምን እንዳደረገብሽ ሳታውቂ እንዴት እንዳደረገው መጠየቅ አትችይም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ንባብ እንዳለ ተዪው። እንደ ማንኛውም አንባቢ አንብቢ። ሳቂ፣ ተናደጂ፣ እንቅልፍ እምቢ ይበልሽ። የጸሐፊ ንባብ የሚጀምረው መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ነው። ጥያቄሽን ሳነበው የታየኝ ክፍተትም እዚህ ጋ ነው፤ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ። ልብስ ሰፊ የሰው ልብስ ዓይኑን ሲስበው ገልብጦ ስፌቱን ያያል። አንቺም አንብበሽ የወደድሽውን ነው የምትገለብጪው።

ተመለሺ ስልሽ ግን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ድገሚው ማለቴ አይደለም። ለዚያ የሚሆን ጊዜ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የምትመለሺው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ አንድ ትዕይንት፣ አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም አንድ አንቀጽ ብቻ። የቱ ጋ? አንድ ነገር የተሰማሽ ቦታ። ልብሽ የደነገጠበት፣ ሳታስቢው የሳቅሽበት፣ ወይም «ኧረ ሰለቸኝ» ብለሽ ስልክሽን ያነሳሽበት። ይህን የመጨረሻውን አትናቂው። የሰለቸሽ ቦታ ከማረከሽ ቦታ እኩል ያስተምራል፤ ምክንያቱንም ማግኘት ይቀላል። በመጀመሪያው ንባብ ጊዜ የምታደርጊው ምልክት አንድ ብቻ ይሁን፤ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሰረዝ። ምንም አትጻፊ፣ አታብራሪ፣ ንባብሽን አታቋርጪ። መጽሐፉ የውሰት ከሆነ ወይም ስልክ ላይ የምታነቢ ከሆነ የገጹን ቁጥር ያዢ።

ስለ ማስመሩ ያልሽው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን 10 የአጠናን ዘዴዎች ገምግሞ ነበር። ማስመር ጥቅማቸው ዝቅተኛ ነው ከተባሉት ጋር ተመደበ። ዝም ብሎ ደጋግሞ ማንበብም እዚያው ገባ። ከፍ ያለ ግምት ካገኙት ሁለት ዘዴዎች አንዱ ራስን መፈተን ነበር። ግምገማው ስለ ትምህርት እንጂ ስለ ልቦለድ አይደለም። ለእኛም ግን የሚያስጠነቅቀን ነገር አለ፦ ሁለተኛው ንባብ ጥያቄ ይዞ ካልመጣ ድካም ብቻ ነው። መስመር ስታሰምሪ «ይህ ያምራል» ብለሻል። ለምን እንዳማረሽ ግን ገና አልጠየቅሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጀማሪዎችን ረቂቅ ሳርም ደጋግሜ የማየው አንድ ችግር አለ። ጀማሪው ከሚወደው መጽሐፍ ውስጥ ልቡን የነካውን ነገር ይወስዳል፤ ያን ነገር ልብ የሚነካ ያደረገውን ግን እዚያው ትቶት ይመጣል። ስሜቱ የሚሰማን አንድ ቦታ ላይ ነው። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ነው። አንዳንዴ ሦስት መስመር፣ አንዳንዴ ሃምሳ ገጽ ይቀድማል። እንደ ጸሐፊ ማንበብ የምለው ይህን ወደ ኋላ ተመልሶ የመፈለግ ሥራ ነው።

በምሳሌ ላሳይሽ። ይህን አሁን ለአንቺ ብዬ የጻፍኩት ነው፦

«አባቷ በሩን ከፈተላት። ‹መጣሽ?› አላት። ‹መጣሁ።› ሻንጣዋን ተቀበላትና ቀድሟት ገባ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ጎረቤቱ ውሻ አወሩ። ከዚያ ደክሞኛል ብላ ወደ ድሮ ክፍሏ ሄደች። አልጋው ተነጥፏል። ስድስት ዓመት ሰው ባልተኛበት ክፍል ውስጥ የግድግዳው ሰዓት በትክክል ይቆጥራል።»

የሆነ ነገር ከተሰማሽ ሰዓቱ ጋ ስትደርሺ ይመስለኛል። አባትየው ስድስት ዓመት ሙሉ ባትሪ ሲቀይር እንደኖረ ይገባሻል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማስታወሻው ላይ «ሰዓቱ ጥሩ ምልክት ነው» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በራሱ ታሪክ ውስጥ የሆነ ዕቃ ያስቀምጣል። የደረቀ አበባ፣ አሮጌ ፎቶ፣ የተሰበረ መነጽር። ምንም አይፈጠርም። ለምን እንደማይሠራለትም አይገባውም።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። አባትየው በሩ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው። ልጅቷም የመለሰችው አንድ ቃል ነው። ስድስት ዓመት ተለያይተው ስለ ዝናብና ስለ ውሻ ያወራሉ። አንባቢው የሆነ ነገር ጎድሎበታል። አንድ ቃል ይጠብቃል፤ አይሰጠውም። ይህ ጥበቃ ነው ሰዓቱ ጋ ሲደርስ የሚመለስለት።

እውነት መሆኑን እንፈትነው። የአባትየውን ንግግር ለውጪው፦ «ልጄ፣ እንዴት ናፍቀሽኛል መሰለሽ! ክፍልሽን ሳላጸዳ የዋልኩበት ቀን የለም።» አሁን እስከ ሰዓቱ ድረስ ደግመሽ አንብቢው። ሰዓቱ እዚያው ግድግዳ ላይ አለ፤ ግን ሥራ ፈት ሆኗል። የሚነግረንን ነገር አባትየው ቀድሞ ነግሮናል። እሺ፣ የመጀመሪያውን መልሺና ሌላ ነገር ሞክሪ። የዝናቡንና የውሻውን ዓረፍተ ነገሮች አውጪያቸው። ከበሩ ወደ ሰዓቱ ዘለልሽ። ጥበቃው አልበሰለም። እነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲታዩ ባዶ ይመስላሉ፤ ምን እንደተባባሉ እንኳ አልተጻፈም። ሥራቸው ጊዜውን መሙላት ነበር፣ በማይረባ ወሬ። ሦስተኛ ፈተና፦ መጨረሻው ላይ «አባቷ ምን ያህል እንደሚወዳት ያን ጊዜ ገባት» የሚል ጨምሪበት። ምን ሆነ? አንቺ ያገኘሽውን ነገር ጸሐፊው ከእጅሽ ነጥቆ ራሱ ተናገረው።

ማውጣት፣ መለወጥ፣ መጨመር። ንቁ ንባብ ሲባል በእኔ ልምድ ከእነዚህ ሦስቱ የሚበልጥ መሣሪያ አላገኘሁም። ገጹን አፍጥጠሽ ብታዪው ዝም ይልሻል፤ ስትነካኪው ነው የሚናገረው። የተጻፈ ነገር አንዴ ከታተመ በኋላ ሌላ መልክ ሊኖረው የማይችል ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የምርጫ ውጤት ነው። ጸሐፊው ሌላም ሊጽፍ ይችል ነበር። ያልጻፈውን አንቺ ጽፈሽ ጎን ለጎን ስታስቀምጪው ምርጫው ይታይሻል።

እንግዲህ በየትኛው ጥያቄ ነው ወደ መጽሐፉ የምትመለሺው? ብዙ የጽሕፈት መመሪያዎች ረጅም ዝርዝር ይሰጡሻል። አተያዩን እዪ፣ መቼቱን እዪ፣ ግጭቱን እዪ፣ ድምፀቱን እዪ ይሉሻል። ዝርዝሩ ስህተት ኖሮበት አይደለም። ሁሉን በአንዴ ለማየት የሞከረ ሰው ግን ምንም አያይም፤ በዚያ ላይ አንቺ ያልሽው ድካም ይመጣል። እኔ የምመክርሽ ሌላ ነው። ጥያቄውን ከራስሽ ረቂቅ ውሰጂ። አሁን ጠረጴዛሽ ላይ ያለው ታሪክ የት ጋ ነው እምቢ ያለሽ? እዚያ ጋ ሌላው ሰው እንዴት አለፈው? ይህን ይዘሽ ስትገቢ ንባብሽ ሥራ ይኖረዋል። የምትፈልጊውን ታውቂያለሽ፤ ስታገኚውም በዚያው ቀን ትጠቀሚበታለሽ።

አንቺማ ጥያቄሽን በእጅሽ ይዘሻል፦ ሁሉም በአንድ አፍ ያወራሉ ብለሻል። ከዚህ እንጀምር።

ንግግራቸው የማረከሽን ሦስት ታሪኮች ምረጪ። ትረካውን ዝለዪና ንግግሩን ብቻ አንብቢ። ስሞቹን በእጅሽ ሸፍኚያቸው። ማን እንደሚናገር ታውቂያለሽ? ካወቅሽ በምን አወቅሽ?

መጀመሪያ የምታዪው፣ ማን ለተጠየቀው እንደሚመልስና ማን እንደማይመልስ ይሁን። በጀማሪ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። «የት ነበርክ?» ሲባል «ሥራ ነበርኩ» ይላል። «ለምን ዘገየህ?» ሲባል ምክንያቱን ይናገራል። መጠይቅ የሚሞሉ ይመስላሉ። ሕይወት ያለው ንግግር ውስጥ ግን «የት ነበርክ?» ሲባል «አንቺ እስካሁን አልተኛሽም?» የሚል አለ። ሌላው ዝም ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ሦስተኛው ገና ሳይጠየቅ ነው ማስረዳት የሚጀምረው። እነዚህ ሦስት ሰዎች በአንድ አፍ አያወሩም፤ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ግን ተራ ናቸው። የገጸ ባሕርይ ድምፅ ሲባል ብዙዎች የአነጋገር ዘዬ ወይም ልዩ ቃል ይፈልጋሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ምን እንደሚሸሽ ነው የማየው። የሚሸሹት ነገር ከተለያየ አፋቸውም ይለያያል።

ቀጥሎ አጠራሩን ተመልከቺ። በዚህ ረገድ አማርኛ እጅግ ሀብታም ነው። አንድ ሰው አፉን እንደከፈተ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ ወይም እርስዎ ማለት አለበት። ማምለጫ የለውም። ስለዚህ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት በእያንዳንዱ ግስ ላይ ተጽፏል። ጥሩ ደራሲዎች ይህን ርቀት መቼ እንደሚያንቀሳቅሱት ልብ በይ። ታሪኩን ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረች ሚስት አንድ ምሽት ላይ ድምፅዋን ሳታነሳ «እርስዎ ያውቃሉ» ብትለው፣ ስለ ኩርፊያዋ አንድ አንቀጽ መጻፍ አያስፈልግም። አለቃው ድንገት «አንተ» ያለው ሠራተኛም እንዲሁ ነው። መቀራረብ ነው ወይስ ንቀት? ጸሐፊው ሳይነግርሽ እንድትጠይቂ ያደርግሻል። በራስሽ ረቂቅ ውስጥ ይህ ርቀት አንዴም ተንቀሳቅሶ ያውቃል?

ሦስተኛው ጥቃቅን ይመስላል፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። በአማርኛ «አለ» እና «አለች» ብዙውን ጊዜ ከንግግሩ በኋላ ነው የሚመጡት። አንባቢው አራት መስመር አንብቦ ማን እንደተናገረ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ሊሆን ይችላል። የተዋጣላቸው ደራሲዎች ይህን በምን በምን እንደሚያልፉት ብታዪ ትገረሚያለሽ። አንዱ ተናጋሪውን በድርጊት ያስቀድመዋል፦ «እናትየው ከመስኮቱ ሳትዞር፣ ‹ይምጣ› አለች።» ሌላው ንግግሩን ከሁለት ቃል በኋላ ይቆርጠዋል። ሌላው አንድም «አለ» ሳይጠቀም ሙሉ ገጽ ይሄዳል፤ አንቺም አልጠፋብሽም። ለምን እንዳልጠፋብሽ ፈልጊው። «በማለት ገለጸ»፣ «ሲል አስረዳ» የሚሉትን የት አየሻቸው? ዜና ላይ ይሆናል እንጂ ጥሩ ልቦለድ ላይ ብዙም አታገኚያቸውም።

በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ከቆየሽ በኋላ ወደ ሌላው ተሻገሪ። ቀጣዩ የዓረፍተ ነገር ጉዳይ ቢሆን ደስ ይለኛል። የምትወጂውን አንድ ገጽ ውሰጂና የየዓረፍተ ነገሩን መዝጊያ ግስ ብቻ ዘርዝሪ። ከላይ እስከ ታች እንደ ግጥም አንብቢያቸው። «ነበር» እና «ነው» ስንት ጊዜ መጡ? የቀሩት ምን ይሠራሉ? ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይይዛሉ፣ ወይስ ያስባሉ ብቻ? ከዚያ የራስሽን አንድ ገጽ በዚያው መንገድ ዘርዝሪ። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም አስተያየት ሰጪ ሊነግርሽ የማይችለውን ነገር ታያለሽ።

ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የአማርኛ አንባቢ እስኪደርስ ድረስ ሁሉን በእጁ ይዞ ይጠብቃል። ጥሩ ጸሐፊ ይህን ጥበቃ ያውቅበታል። «ገብታ፣ ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ መጋረጃውን ገልጣ፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አይታ» እያለ ሲያስሮጥሽ ይቆይና በአንድ አጭር ግስ ይዘጋዋል፤ «ተቀመጠች።» ወይም ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። «ገባች። ሻንጣዋን አስቀመጠች። መጋረጃውን ገለጠች።» ድርጊቱ ያው ነው። ሁለተኛዋ ሴት ግን ሌላ ሰው ናት፤ የሆነ ነገር ከብዷታል። ይህን ለመስማት ጮክ ብለሽ አንብቢ። ዓይን ይዘላል፤ አፍ ግን መዝለል አይችልም። ረጅሙን ወደ አጭር፣ አጭሩን ወደ ረጅም ለውጠሽም ጮክ ብለሽ አንብቢ። የትንፋሽሽ ልዩነት መልሱን ይነግርሻል።

አሁን ወደ ራስን መፈተን ልመለስ፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን እንደገና አነበበ። ሌላው ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የተሻለ ያስታወሱት ሳያዩ የጻፉት ነበሩ። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ አስታውሶ መጻፍ ግን የጎደለሽን ያሳይሻል።

ይህን ለጽሕፈት ከተጠቀሙበት ሰዎች ሁሉ እኔ የማደንቀው አሜሪካዊውን ጸሐፊና የሀገር መሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ነው። በልጅነቱ ቦስተን ውስጥ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። «ስፔክቴተር» የተባለ የእንግሊዝ መጽሔት አንድ ጥራዝ እጁ ገባና አጻጻፉን በጣም ወደደው። ምን እንዳደረገ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። ከጽሑፎቹ የተወሰኑትን መረጠ። የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሐሳብ በአጭር ማስታወሻ ያዘ። ለጥቂት ቀናት ተወው። ከዚያ መጽሐፉን ሳያይ፣ ከማስታወሻው ብቻ ተነስቶ ሙሉውን ጽሑፍ በራሱ ቃላት እንደገና ጻፈው። ሲጨርስ ከዋናው ጋር አስተያየና ስህተቱን አረመ። የቃላት ድህነት እንዳለበት ሲያይ ታሪኮቹን ወደ ግጥም ለወጣቸው። ዋናውን ሲረሳው ደግሞ ግጥሙን መልሶ ወደ ዝርው ቀየረው። ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ የሚያደባልቅበትም ጊዜ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ቅደም ተከተላቸውን ራሱ ለማግኘት ይሞክራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከሥራ በኋላ ማታ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ወይም እሑድ ነበር።

አንቺም ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ ሞክሪው። የመረጥሽውን ትዕይንት በአምስት ስድስት ቃል ማስታወሻዎች ያዢው፦ በር ላይ፣ አንድ ቃል፣ የማይረባ ወሬ፣ ክፍል፣ ሰዓት። ሦስት አራት ቀን ተዪው። ከዚያ ጻፊው። ስታስተያዪ ሁለት ነገር ፈልጊ። አንደኛው እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈውን አንቺ በአንቀጽ የገለጽሽበት ነው። ሌላው እሱ ቆም ያለበትን አንቺ የዘለልሽበት። የጸሐፊ ልዩነት በብዛት እዚህ ነው ያለው፤ የት እንደሚቆምና የት እንደሚያልፍ። አልፎ አልፎ የአንቺው የሚሻልበት ቦታ ይገኛል። ፍራንክሊንም ይህ ሲያጋጥመው ደስ ይለው እንደነበር ጽፏል። አንቺም አትፈሪ፤ የተሻለ ከመሰለሽ የተሻለ ነው በይ።

ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ግን የጥቅስ ማከማቻ አታድርጊው። «ገጽ 84፣ ውብ አገላለጽ» የሚል ማስታወሻ ከስድስት ወር በኋላ ምንም አይነግርሽም። «ገጽ 84፣ ሰውየው መሞቱን በቀጥታ አልነገረንም፤ ልጁ ሁለት ሰሃን አቅርቦ አንዱን ሲመልስ አሳየን። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሁለት ሰሃን ሲያቀርብ አይተናል» የሚለው ግን መሣሪያ ነው። ልዩነቱን አየሽው? ሁለተኛው ጸሐፊው የሠራውን ሥራ በግስ ይናገራል፤ መንገዱን ያዘጋጀበትንም ይመዘግባል። እንዲህ ዓይነት አሥር ማስታወሻ ያለው ደብተር መቶ ጥቅስ ከያዘው ይበልጥብኛል።

ቅጂ ሆኜ እቀራለሁ የሚለው ፍርሃትሽ ብዙ ጀማሪ ያለበት ነው፤ እኔ ግን እምብዛም አያሳስበኝም። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው ድርሰት ውስጥ በወጣትነቱ የወደደውን ጽሑፍ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይኮርጅ እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። አንድ መጽሐፍ ደስ ካለው ወዲያው ያን ባሕርይ በራሱ ብዕር ለማምጣት ይሞክራል። አይሳካለትም። እንደገና ይሞክራል፤ አሁንም አይሳካለትም። በዚህ መሃል ግን ዜማንና የዓረፍተ ነገር አወቃቀርን ተለማመደ። የኮረጃቸውን ሰዎች ስም ሲዘረዝር ብዙ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይመሳሰሉም። መድኃኒቱ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። አንድ ደራሲ ብቻ የምታነቢ ከሆነ ድምፁ ይይዝሻል፤ እውነት ነው። ከዚያ ሰው ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ሌላ ደራሲ ጎን ለጎን አንብቢ። አጭር የሚጽፈውን ከረጅሙ፣ ቁጡውን ከረጋው ጋር። ቃላቱን ሳይሆን ዘዴውን ስትወስጂም ቅጂ አትሆኚም። አባትየው የሚጠበቅበትን ቃል ሲያስቀር አንባቢው ወደ ዕቃው ይዞራል የሚለው ዘዴ የማንም ንብረት አይደለም። የእኔን ሰዓት ግን አትውሰጂ፤ የራስሽን ፈልጊ።

ደስታው ይጠፋል ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ። ለተወሰነ ጊዜ ሊደበዝዝ ይችላል። ስፌቱን ማየት የለመደ ዓይን በቀላሉ አይታለልም፤ ድሮ ያለቀስሽባቸው አንዳንድ መጽሐፎች ባዶ ሊሆኑብሽ ይችላሉ። ያሳዝናል። በምትኩ የሚመጣው ግን ጥልቅ ነው። በጣም ጥሩ ሥራ ሲያጋጥምሽ አንዴ በታሪኩ ትያዣለሽ፤ ሁለተኛ በአሠራሩ ትገረሚያለሽ። እስከዚያ ድረስ ንባብሽን ሁሉ ወደ ሥራ አትለውጪው። ከምታነቢያቸው አብዛኛዎቹ ለደስታ ብቻ ይሁኑ፤ ሰረዝ እንኳ አታድርጊባቸው። ለሥራ የምትመለሺበት አንዱ ብቻ ይሁን።

ምን ላንብብ የሚለውን ባትጠይቂም ትንሽ ልበል። አጭር ልቦለድ ስለምትጽፊ ለዚህ ልምምድ አጭር ልቦለድ ይሻልሻል፤ መነሻውንና መድረሻውን በአንድ መቀመጫ ታያለሽና ምክንያቱን ወደ ኋላ መፈለግ ይቀላል። ግጥም ጨምሪበት፣ ግጥም የማትጽፊ ብትሆኚም። የትርጉም ሥራ ለአወቃቀርና ለትዕይንት አሰካክ ጥሩ ነው፤ የዓረፍተ ነገር ዜማ ለመማር ግን በቀጥታ በአማርኛ የተጻፈውን ያዢ። ያልተሳኩ ታሪኮችንም አንብቢ። ጓደኛሽ የጻፈው ገና ያልበሰለ ረቂቅ ከታላቅ ሥራ ቀድሞ ሊያስተምርሽ ይችላል፤ በታላቁ ሥራ ስፌቱ ተደብቋል፣ እዚህ ግን ሁሉም ተርታውን ይታያል።

ለዚህ ሳምንት ግን ሥራሽ አንድ ነው። ያስቸገረሽን የንግግር ትዕይንት ከረቂቅሽ አውጪ። ከምትወጂው ታሪክ አንድ የንግግር ትዕይንት ጎኑ አስቀምጪ። ስሞቹን ሸፍኚና በሁለቱም ላይ ማን ለተጠየቀው ሳይመልስ እንደቀረ ቁጠሪ። ከዚያ በራስሽ ትዕይንት ውስጥ መልስ ከሚሰጡት ገጸ ባሕርያት አንዱን መልስ ከልክዪውና እንደገና ጻፊው።